በዳሎል ኩሬዎች ሕይወት አለ ወይስ የለም? ሁለት የምርምር ጽሁፎችና ትምህርታቸው

በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ አማኑኤል አካባቢ ጨው በኪሎም በኩንታልም ይሸጣል። ሸማቹ ጨውን ከማጣፈጫነቱ ባሻገር ምግብ እንዳይበላሽ ማቆያ አድርጎ ይጠቀምበታል። በጨውና በበርበሬ ታሽቶ የደረቀ ቋንጣ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ እንደሚቆይ በየቤቱ የታወቀ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሥጋን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ለመኖርና ለመራባት ውሃ ያስፈልጋቸዋል። ጨው ደግሞ ውሃውን ይዞ ይነፍጋቸዋል። ይህ የጓዳ ዕውቀት ወደ ሳይንስ ሲሸጋገር አንድ ትልቅ ጥያቄ ያስነሳል። ጨው ከመጠን በላይ ሲበዛ፣ አሲድ ሲታከልበትና ሙቀቱ ሲያይል ሕይወት የሚቆምበት ወሰን የት ላይ ነው?

የጥያቄው መልስ ከሚፈለግባቸው የዓለም ሥፍራዎች አንዱ የሚገኘው የአገሪቱ ጨው በብዛት በሚመረትበት በአፋር ክልል ነው። ሥፍራው ዳሎል ይባላል። እ.ኤ.አ በ2019 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች ስለዚሁ ሥፍራ በየፊናቸው የምርምር ጽሁፍ አሳትመዋል። የደረሱበት ድምዳሜ ግን ተቃራኒ ነበር። አንደኛው ቡድን የረቂቅ ተሕዋስያን ምልክት ማግኘቱን ሲገልጽ፣ ሁለተኛው በኩሬዎቹ ውስጥ ሕይወት አለመኖሩን አስታውቋል።

ጉዳዩ የውጭ ሳይንቲስቶች ክርክር ብቻ ተደርጎ የሚታይ አይደለም። የምርምር ፈቃድ የሚሰጡ፣ የጥናት ውጤቶችን ለሕዝብ የሚያሰራጩና ለውሳኔ ግብአት የሚጠቀሙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «በዓለም አቀፍ መጽሔት ታትሟል» የሚለው ቃል ምን ያህል ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ከዳሎል ታሪክ ሊማሩ ይችላሉ።

ዳሎል ምን ዓይነት ሥፍራ ነው?

ዳሎል በአፋር ክልል ሰሜናዊ ክፍል፣ በዳናክል ረባዳ ምድር ውስጥ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ በሚገኝ አካባቢ ላይ ይገኛል። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ረባዳውን ያጥለቀልቀው ነበር። ውሃው ሲተን የቀረው ጨው እየተደራረበ እጅግ ወፍራም ንጣፍ ፈጥሯል። የአፋር ጨው ቆራጮች ከዘመናት ጀምሮ አሞሌ እየጠረቡ በግመል ጭነው ወደ ደጋው የሚልኩት ከዚሁ የጨው ሜዳ ነው።

ከጨው ንጣፉ ሥር ደግሞ የእሳተ ገሞራ ሙቀት አለ። ወደ ውስጥ የሰረገው ውሃ በዚህ ሙቀት ፈልቶ፣ ጨዉንና ማዕድኑን አሟሙቶ፣ ከምድር ውስጥ የሚወጡ ጋዞችንም ይዞ ወደ ላይ ይፈልቃል። ከምንጮቹ የሚወጣው ውሃ ሙቀት አንዳንዴ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። የጨው መጠኑ ከባሕር ውሃ ጋር ሲነጻጸር በአሥር እጥፍ ገደማ ያይላል።

የአሲድ መጠኑም እንዲሁ ከተለመደው የራቀ ነው። የፈሳሽ አሲዳማነት የሚለካው ፒ ኤች በሚባለው መለኪያ ሲሆን፣ ቁጥሩ በአንድ በቀነሰ ቁጥር አሲዳማነቱ በአሥር እጥፍ ይጨምራል። የሎሚ ጭማቂ ፒ ኤች 2 አካባቢ ነው። የዳሎል ኩሬዎች ፒ ኤች ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ከዜሮ በታች የሚወርድባቸውም አሉ። ይህ ማለት ፒ ኤቹ ዜሮ የሆነ ኩሬ ከሎሚ ጭማቂ 100 እጥፍ ይበልጥ አሲዳማ ነው።

ጎብኚዎችን የሚስበው የቢጫ፣ የአረንጓዴና የቀይ ቀለም ትርኢትም ከዚሁ ኬሚስትሪ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው ለቀለማቱ መለዋወጥ ዋነኛው ምክንያት የብረት ንጥረ ነገር ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚያሳየው ለውጥ ነው። አካባቢው ካለው ሥነ ምድራዊ ፋይዳ የተነሳ የዳናክል ስምጥና እሳተ ገሞራዎቹ እ.ኤ.አ በ2022 ዓለም አቀፉ የሥነ ምድር ሳይንሶች ኅብረት ይፋ ባደረገው የመጀመሪያዎቹ 100 የሥነ ምድር ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ተካተዋል።

የዳሎልና የማርስ ግንኙነት

ከመሬት ውጭ ሕይወት መኖር አለመኖሩን የሚያጠናው የሳይንስ ዘርፍ አስትሮባዮሎጂ ይባላል። በዘርፉ ስም የተሰየመው «አስትሮባዮሎጂ» የምርምር መጽሔት መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ በ2001 ሲሆን፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት «ዓለም አቀፍ የአስትሮባዮሎጂ ጆርናል» የተባለውን መጽሔት በቀጣዩ ዓመት ጀምሯል።

የዘርፉ ተመራማሪዎች ከሌላ ፕላኔት በእጃቸው የገባ ሕያው ናሙና የላቸውም። በመሆኑም የሌሎችን ፕላኔቶች ሁኔታ የሚመስሉ የመሬት አካባቢዎችን እየመረጡ ያጠናሉ። ኦፖርቹኒቲ የተባለችው የአሜሪካ ተሽከርካሪ መንኩራኩር እ.ኤ.አ በ2004 በማርስ ላይ ጃሮሳይት የተባለ ማዕድን አግኝታለች። ማዕድኑ የሚፈጠረው አሲዳማ ውሃ ባለበት ስለሆነ፣ ማርስ በጥንት ዘመን አሲዳማና ጨዋማ ውሃ የነበረባቸው ሥፍራዎች እንደነበሯት ግኝቱ አመልክቷል። ጨው፣ አሲድና ሙቀት በአንድ ላይ የሚገኙበት ዳሎልም በዚሁ ምክንያት የዘርፉ ትኩረት ሆኗል።

እ.ኤ.አ በ2019 «አስትሮባዮሎጂ» መጽሔት ላይ የወጣና በጣሊያን የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲዋ ባርባራ ካቫላዚ የተመራ ጽሁፍ ዳሎልን ለፕላኔቶች ጥናት ልዩ የመስክ ቤተ ሙከራ አድርጎ አቅርቦታል። ከጽሁፉ አዘጋጆች መካከል የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምድር ተመራማሪ ምሩፅ ሐጎስ ይገኙበታል።

ሁለት ጽሁፎች በአንድ ዓመት

ግንቦት 19 ቀን 2011 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ሜይ 27 ቀን 2019) «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሁፍ ወጣ። የቡድኑ መሪ በስፔን ማድሪድ የአስትሮባዮሎጂ ማዕከል ተመራማሪው ፌሊፔ ጎሜዝ ሲሆኑ፣ ካቫላዚና ምሩፅ ሐጎስም በአዘጋጅነት ተሳትፈዋል። ቡድኑ እ.ኤ.አ በጥር 2017 ከዳሎል ናሙና ሰብስቧል። ናሙና ከተወሰደባቸው ሥፍራዎች የአንዱ ሙቀት 90 ዲግሪ ገደማ፣ ፒ ኤቹም 0.25 ነበር።

ተመራማሪዎቹ ከውሃው በረጋው ማዕድን ውስጥ ከተለመዱት ባክቴሪያዎች በብዙ እጥፍ ያነሱ ክብ ቅርጾች ማየታቸውንና ናኖሃሎአርኬያ ከሚባሉት እጅግ ጥቃቅን ጨው ወዳድ ተሕዋስያን ጋር የሚቀራረብ የዘረመል ምልክት ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከዚህም በመነሳት በዳሎል የመከራ አካባቢ ሕይወት ይገኛል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ።

ከአምስት ወራት በኋላ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2012 ዓ.ም (እ.ኤ.አ ኦክቶበር 28 ቀን 2019) «ኔቸር ኢኮሎጂ ኤንድ ኢቮሉሽን» በተባለው መጽሔት ላይ ሁለተኛው ጽሁፍ ታተመ። የጽሁፉ የመጀመሪያ አዘጋጅ ጆዲ ቤሊላ ሲሆኑ፣ ጥናቱን የመሩት የፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዋ ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ ናቸው። ቡድኑ እ.ኤ.አ ከ2016 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት ወደ ሥፍራው ተመላልሶ ከብዙ ቦታዎች ናሙና ወስዷል። የዘረመል ምርመራ፣ ተሕዋስያንን በቤተ ሙከራ የማራባት ሙከራ፣ የሕዋስ ቆጠራ፣ የኬሚካል ትንተናና የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምርመራም አካሂዷል።

ውጤቱ ሁለት ገጽታ አለው። በዳሎል ዙሪያ በሚገኙት የጨው ሜዳዎች፣ በጨው ሸለቆዎች ውስጥ በተጠራቀመው ውሃና በአሳሌ ሐይቅ አርኬያ የሚባሉ ረቂቅ ተሕዋስያን በብዛትና በዓይነት ተገኝተዋል። በአንጻሩ እጅግ አሲዳማ በሆኑት የዳሎል ኩሬዎች፣ እንዲሁም ማግኒዚየም በበዛባቸው ጥቁርና ቢጫ ተብለው በሚጠሩት ሐይቆች የሕይወት ምልክት አልተገኘም።

ጽሁፉ ለዚህ ሁለት ምክንያቶችን አስቀምጧል። የመጀመሪያው የከፍተኛ ጨውና የከፍተኛ አሲድ በአንድ ላይ መገናኘት ነው። ለየብቻቸው ሲሆኑ ሁለቱንም የሚቋቋሙ ተሕዋስያን በዓለም ላይ ይታወቃሉ። ሁለተኛው የማግኒዚየም ጨው ነው። ይህ ጨው ውሃውን አጥብቆ ከመያዙም በላይ የሕዋስን መሠረታዊ አካላት ያፈራርሳል። ቋንጣን ከመበስበስ የሚጠብቀው አሠራር በዚህ ሥፍራ እጅግ በረታ መልኩ ይታያል ማለት ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

ሁለተኛው ቡድን ሕዋስ የሚመስሉ ጥቃቅን ቅርጾችን እርሱም አይቷል። ይሁንና ቅርጾቹ ከምን እንደተሠሩ በኤክስሬይ ሲመረምር በሲሊካ የበለጸጉ የማዕድን እንክብሎች መሆናቸውን ደርሶበታል። ክብ ቅርጽና አነስተኛ መጠን ብቻቸውን የሕይወት ማስረጃ ሊሆኑ እንደማይችሉ ጽሁፉ አስገንዝቧል።

የዘረመል ምልክትም የራሱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተሕዋስያን በሌሉበት ናሙና ውስጥ ከቤተ ሙከራ ኬሚካሎች፣ ከተመራማሪው እጅ ወይም ከጎብኚዎች የመጣ ጥቂት ዲ ኤን ኤ ጎልቶ ሊታይ ይችላል። ዳሎል ጎብኚዎች የሚመላለሱበት ሥፍራ መሆኑ ችግሩን ያብሰዋል። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ በ2022 «ኤምባዮ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ቀጣይ ጽሁፍ ነፋስ ከአካባቢው አንስቶ ወደ ኩሬዎቹ የሚያደርሳቸው ተሕዋስያንና ሕዋስ መሰል ማዕድናት ሕይወትን ፍለጋ እንደሚያሳስቱ በዝርዝር አሳይቷል።

ሁለቱ ቡድኖች ናሙና የወሰዱባቸው ነጥቦችና ጊዜያት ሙሉ ለሙሉ አንድ አለመሆናቸውም ግምት ውስጥ ሊገባ ይገባል። የዳሎል ምንጮች በአጭር ጊዜ ውስጥ ይደርቃሉ፤ አዳዲሶችም በሌላ ቦታ ይፈልቃሉ። ሁለቱም ጽሁፎች ለአንባቢ ክፍት ሆነው ይገኛሉ፤ ማንኛውም ተመራማሪ ዘዴያቸውን አይቶ ሊፈትናቸው ይችላል።

የምርምር ጽሁፍ እንዴት ይታተማል?

አንድ ተመራማሪ ጽሁፉን ለመጽሔት ሲልክ በመጀመሪያ አዘጋጁ ያየዋል። ጽሁፉ ከመጽሔቱ ዓላማ ጋር ከተጣጣመ በዘርፉ ለተሰማሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ይላካል። እነዚህ አቻ ገምጋሚዎች ይባላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው ለጸሐፊው አይገለጽም፤ ለሥራቸውም ክፍያ አይቀበሉም። ጥያቄዎቻቸው ለጸሐፊው ይላኩና ጽሁፉ ይስተካከላል፤ አለዚያም ውድቅ ይሆናል። ሂደቱ ወራት ይፈጃል።

መጽሔቶች የሚከተሉት መስፈርት የተለያየ ነው። «ሳይንቲፊክ ሪፖርትስ» የሥራውን ቴክኒካዊ ትክክለኛነት መሠረት አድርጎ የሚገመግም ሲሆን፣ ሌሎች መጽሔቶች ከዚህ በተጨማሪ ለግኝቱ ትልቅነት ክብደት ይሰጣሉ። በሁሉም ዘንድ ግን ገምጋሚው ወደ ዳሎል ሄዶ ናሙና አይወስድም። የሚመለከተው በወረቀት ላይ የቀረበለትን ማስረጃ ነው። ስለሆነም አንድ ጽሁፍ ግምገማ አልፎ ታተመ ማለት ለሌሎች ምርመራ ብቁ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። እውነተኛው ፈተና የሚጀምረው ሌሎች ቡድኖች ሥራውን በደገሙት ጊዜ ነው።

ቀደም ያሉ ተሞክሮዎች

የአስትሮባዮሎጂ ዘርፍ ይህን ትምህርት በከባድ ዋጋ ገዝቶታል። እ.ኤ.አ በነሐሴ 1996 የአሜሪካ የጠፈር አስተዳደር ናሳ ተመራማሪዎች በ1984 በአንታርክቲካ በተገኘ የማርስ ድንጋይ ውስጥ የጥንት ሕይወት ምልክት ሳይኖር አይቀርም አሉ። ጽሁፉ «ሳይንስ» በተባለው ታዋቂ መጽሔት የወጣ ሲሆን፣ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተንም በጉዳዩ ላይ መግለጫ ሰጥተዋል። ክርክሩ ካተኮረባቸው ነጥቦች አንዱ በድንጋዩ ውስጥ የታዩት ቅርጾች መጠን ነበር። በ1998 በአሜሪካ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ራሱን ችሎ የሚኖር ሕዋስ ከ200 ናኖ ሜትር ብዙም ሊያንስ እንደማይችል ገምተዋል። ዛሬ አብዛኞቹ የዘርፉ ተመራማሪዎች በድንጋዩ ውስጥ የታዩት ነገሮች ያለ ሕይወት ሊፈጠሩ እንደሚችሉ ይቀበላሉ።

ሁለተኛው አጋጣሚ የታየው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2010 ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ከሚገኘው ሞኖ ሐይቅ የተገኘ ባክቴሪያ በፎስፎረስ ፈንታ አርሴኒክን በዲ ኤን ኤው ውስጥ ይጠቀማል የሚል ጽሁፍ በዚያው «ሳይንስ» መጽሔት ይፋ ሆነ። በ2011 ስምንት የትችት ጽሁፎች በመጽሔቱ ወጡ። በ2012 ሁለት ነጻ ጥናቶች ድምዳሜውን የሚቃረን ውጤት አቀረቡ። መጽሔቱ ጽሁፉን የሰረዘው ግን ከ14 ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ በሐምሌ 2025 ነው። አዘጋጆቹ የማጭበርበር ተግባር እንዳልተፈጸመ፣ ሆኖም ሙከራው ድምዳሜውን እንደማይደግፍ ሲገልጹ፣ የጽሁፉ ባለቤቶች በስረዛው አልተስማሙም።

ሰባቱ ደረጃዎች

ከእነዚህ ተሞክሮዎች በመነሳት በወቅቱ የናሳ ዋና ሳይንቲስት የነበሩት ጄምስ ግሪንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በጥቅምት 2021 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባለ ሰባት ደረጃ መመዘኛ አቅርበዋል። የመጀመሪያው ደረጃ የሕይወት ሊሆን የሚችል ምልክት ማግኘት ነው። ሁለተኛው ምልክቱ ከብክለት አለመምጣቱን ማረጋገጥን ይጠይቃል። ሦስተኛው ሕይወት በዚያ አካባቢ ምልክቱን ሊፈጥር እንደሚችል ማሳየት ሲሆን፣ አራተኛው ሕይወት የሌላቸውን የታወቁ መንስኤዎች ሁሉ ማስወገድ ነው። የቀሩት ሦስቱ ተጨማሪ ራሱን የቻለ ምልክት ማግኘትን፣ አማራጭ ማብራሪያዎችን በአዲስ ምልከታ መፈተንንና በሌሎች ቡድኖች መረጋገጥን ይመለከታሉ።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ የዳሎል ክርክር የሚያርፈው በሁለተኛውና በአራተኛው ደረጃ ላይ ነው። የብክለት ጥያቄና የሕዋስ መሰል ማዕድናት ጥያቄ በአጥጋቢ ሁኔታ ካልተመለሱ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሻገር አይቻልም።

ጥንቃቄው በማርስ ላይም እየተሠራበት ነው። ፐርሰቪራንስ የተባለችው መንኩራኩር እ.ኤ.አ በሐምሌ 2024 ያገኘችው ባለ ነጠብጣብ ድንጋይ ዝርዝር ጥናት በ«ኔቸር» የታተመው በመስከረም 2025 ነው። አዘጋጆቹ የተጠቀሙበት አገላለጽ የሕይወት ምልክት «ሊሆን የሚችል» የሚል ሲሆን፣ ሕይወት የሌላቸው ሂደቶችም ሊያስገኙት እንደሚችሉ አልሸሸጉም።

የአገር ውስጥ ተቋማት ድርሻ

ስለ ዳሎል የሚጻፈው ሁሉ በውጭ መጽሔቶች ብቻ የሚወጣ አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው «ሞሞና የኢትዮጵያ ሳይንስ ጆርናል» እ.ኤ.አ በ2016 የዳሎል አካባቢን የሥነ ምድር ንብርብሮች የሚመለከት ጽሁፍ አውጥቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው «ሲኔት» የሳይንስ ጆርናል ደግሞ ከ1978 እ.ኤ.አ ጀምሮ ሲታተም የቆየ ነው። የአካባቢውን ድንጋይ፣ ውሃና ታሪክ የሚያውቅ የአገር ውስጥ ባለሙያ የተሳተፈበት ጥናት ለቀጣይ ምርመራ የተሻለ መሠረት ይጥላል።

የሕግ ማዕቀፍም አለ። የጄኔቲክ ሀብት እና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦት እና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ለመጠቀም ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ረቂቅ ተሕዋስያንም የዚሁ ሀብት አካል ናቸው። ከአፋር የጨው ሜዳ የሚወሰድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ዋጋው ዛሬ ባይታወቅም፣ በውስጡ ያሉት ጨው ወዳድ ተሕዋስያን ነገ ለኢንዱስትሪም ሆነ ለሕክምና ሊፈለጉ ይችላሉ።

በሌላ በኩል የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በመስከረም 2019 ያጸደቀው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄዱ የዩኒቨርሲቲ ምርምሮች ውጤትና መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይጠይቃል። የዳሎልን ክርክር ወደፊት ያራመደውም ይህን የመሰለው ግልጽነት ነው። ሁለቱም ቡድኖች ዘዴያቸውን በዝርዝር ባያስቀምጡ ኖሮ ልዩነቱን መመርመር አይቻልም ነበር።

የምርምር ውጤት በጠረጴዛቸው ላይ የሚደርሳቸው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ጉዳዩን ለሕዝብ ከማስተላለፋቸው ወይም ለውሳኔ ከማዋላቸው አስቀድሞ ጥቂት ጥያቄዎችን ማንሳት ይችላሉ። ጽሁፉ በአቻ ገምጋሚዎች ታይቷል ወይ? ናሙናው መቼ፣ ከየት ነጥብና በስንት ጉዞ ተወሰደ? ብክለትን ለመለየት ምን ዓይነት ማነጻጸሪያ ተደረገ? ሌላ ቡድን ሥራውን ደግሞ ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል ወይ? ከአገር ውስጥ ማን ተሳተፈ? ናሙናውስ አሁን የት ይገኛል?

«በዳሎል ሕይወት ተገኘ» የሚለው ዜና በ2011 ዓ.ም ግንቦት ወር በፍጥነት ተሰራጭቷል። ከአምስት ወራት በኋላ የመጣው ተቃራኒ ውጤት የዳሎልን ዋጋ አልቀነሰም። ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት ይኖራል የሚለው ግምት ወሰን እንዳለው ከሚታይባቸው ጥቂት የምድራችን ሥፍራዎች አንዱ መሆኑ ለማርስ ፍለጋ ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። ሥፍራውን ለጎብኚና ለተመራማሪ የሚያስተዋውቁ ክፍሎች ሁለቱንም ውጤቶች ጎን ለጎን ቢያቀርቡ፣ ናሙና የሚወሰድባቸው ኩሬዎችም ከጎብኚ እግር የሚጠበቁበት ሁኔታ ቢመቻች፣ ቀጣዩ ጥናት ከዛሬው የጠራ ውጤት ሊያስገኝ ይችላል።